ግልጽ ደብዳቤ፦ በ90 ሚሊሰከንድ ውስጥ «ቁም!» የሚለው ማን ነው?

ለ፦ የጨረር መሣሪያዎችን ለሚቆጣጠረውና ፈቃድ ለሚሰጠው መሥሪያ ቤት
ግልባጭ፦ ለሆስፒታል ሥራ አስኪያጆች፣ ለምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴዎች፣ ለሕክምና መሣሪያ አስመጪዎች
ጉዳዩ፦ እጅግ ፈጣን የጨረር ሕክምና መሣሪያ ለሙከራ ከመግባቱ በፊት አደጋው እዚሁ አገር ውስጥ እንዲገመገም ስለመጠየቅ

ጤና ይስጥልኝ።

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ነው። ሥራዬ የሕክምና መሣሪያ ጥገና ነው። ሰፈሩ «ኢንጂነር» ይለኛል፤ እኔ ግን አብዛኛውን ቀን የማሳልፈው ከስታቢላይዘር፣ ከፊውዝና አይጥ ከበላው ኬብል ጋር ነው። ከቃሊቲ ወዲያ ባሉ ክሊኒኮች ራጅ ማሽን ወይም አልትራሳውንድ ሲበላሽ እጠራለሁ።

ከጥቂት ጊዜ በፊት አንድ አስመጪ ቢሮው ጠርቶ ቡና ጋበዘኝና ላፕቶፑን ከፈተ። «ፍላሽ» የሚባል የጨረር ሕክምና አሳየኝ። ሕክምናው ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ያልቃል። «ይሄ ለምርምር በሚል ቢገባ ጥገናውን ትይዝልናለህ?» አለኝ። እስካሁን የመጣ ነገር የለም፤ ወሬ ነው። እኔም የምጽፈው ወሬ እያለ ነው። ዕቃው ጉምሩክ ከደረሰ በኋላ ማን ይሰማኛል?

ሳይንሱን አላጣጥልም። በተለመደው ሊናክ (ካንሰር የሚያክም የጨረር ማሽን ነው) 2 ግሬይ ጨረር (ግሬይ የጨረር መጠን መለኪያ ነው) ለመስጠት ግማሽ ደቂቃም፣ አንድ ደቂቃም ይፈጃል። ፍላሽ የሚባለው በሰከንድ ከ40 ግሬይ በላይ ሲሆን ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ይህን ፍጥነት በአይጦች ላይ ሞከሩት። ዕጢው እንደተለመደው ተመታ፤ ጤናማው ሳንባ ግን ከተለመደው በጣም ባነሰ ሁኔታ ተጎዳ። ምክንያቱ ዛሬም ያከራክራል። እ.ኤ.አ. በ2018 ስዊዘርላንድ፣ ሎዛን ውስጥ የመጀመሪያው ሰው ታከመ። የ75 ዓመት ሰው ናቸው፤ ሕመማቸው ቆዳ ላይ የወጣ ሊምፎማ የሚባል ካንሰር ነበር። 15 ግሬይ በ90 ሚሊሰከንድ፣ ማለትም ከሰከንድ አንድ አሥረኛ ባነሰ ጊዜ ተሰጣቸው። አባቶች «በቅጽበተ ዓይን» የሚሉት ይኸው ነው።

እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ይህ 90 ሚሊሰከንድ ነው።

ሰው ቀይ መብራት አይቶ ጣቱን እስኪያንቀሳቅስ 200 ሚሊሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። ያም የነቃና የተዘጋጀ ሰው ነው። ስለዚህ በመቆጣጠሪያው ጠረጴዛ ላይ ያለው ያ ቀይ የአደጋ ጊዜ ቁልፍ ለፍላሽ ጌጥ ነው። ማሽኑን የምታሠራው ቴክኖሎጂስት በካሜራ በሽተኛው ሲንቀሳቀስ ብታይ፣ ብትጮህ፣ ቁልፉን ብትመታ፣ ጨረሩ ገብቶ አልቋል። በተለመደው ማሽን ግን ሰው ማቆም ይችላል። አሥር ሰከንድ አለው። ሃያ ሰከንድ አለው። የድሮው ሕክምና ደህንነት ግማሹ በዚህ በሰው ዓይንና በሰው ጣት ላይ የቆመ ነው።

ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ቆጣሪው ነው። ጨረሩ እንደ ቧንቧ ውኃ አይፈስም፤ በምት በምት ነው የሚወጣው። በተለመደው ማሽን የአንዱ ምት መጠን ከግሬይ አንድ ሺህኛ በታች ነው። አንድ ምት ቢያልፍ ማንም አይጎዳም። በሎዛኑ ሕክምና ግን 15 ግሬዩ በሙሉ የተሰጠው በ10 ምት ነው። አንዱ ምት 1.5 ግሬይ ማለት ነው። ማሽኑ ተሳስቶ 11ኛውን ቢለቅ መጠኑ በ10 በመቶ ተዛባ። የጨረር ሐኪሞችና ፊዚሲስቶች (የጨረሩን መጠን የሚያሰሉና የሚለኩ ባለሙያዎች) ከተለመደው ማሽን የሚጠብቁት ደግሞ ከ5 በመቶ ያልበለጠ ስሕተት ነው።

ምቱን የሚቆጥረውስ? በማሽኑ ራስ ውስጥ አየር ያለበት ትንሽ ክፍል አለ። ጨረሩ ሲያልፍ አየሩ ውስጥ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል፤ ማሽኑ እሱን ለቅሞ «ይሄን ያህል ሰጥቻለሁ» ይላል። እኛ ሰፈር ውኃ በፈረቃ ነው፤ ሲጠፋ ቦቴ ይመጣል። በቧንቧ ውኃ ስኒ ሞልቶ መለካት ይቻላል። የቦቴውን ቱቦ ስኒው ላይ ብትለቁት ግን አብዛኛው ይፈናጠራል፤ ስኒው ውስጥ የቀረውን ዓይታችሁ «ትንሽ ነው የመጣው» ትላላችሁ። ያ የአየር ክፍልም በፍላሽ ፍጥነት ልክ እንዲህ ይሆናል። የተፈጠረው ኤሌክትሪክ ከመለቀሙ በፊት መልሶ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። ቆጣሪው አሳንሶ ያነባል። አሳንሶ ያነበበ ቆጣሪ ደግሞ ማሽኑን «ገና ነው፣ ጨምር» ይለዋል። የመብራት ቆጣሪ አሳንሶ ቢያነብ ደስ ይለን ነበር። እዚህ ግን ልዩነቱን የሚከፍለው የሰው ሥጋ ነው።

አሁን ወደ ታሪክ ልመለስ። በእኛ ሙያ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ ታሪክ ነው።

ቴራክ-25 የሚባል የጨረር ሕክምና ማሽን ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1985 እስከ 1987 በአሜሪካና በካናዳ ስድስት ሰዎች ላይ ከባድ አደጋ አደረሰ፤ ቢያንስ ሦስቱ ሞተዋል። ማሽኑ ሁለት ዓይነት ሥራ ነበረው። ወይ ኤሌክትሮኑን በቀጥታ በትንሽ ኃይል ይሰጣል፤ ወይ ደግሞ በጣም ብዙ ኤሌክትሮን ለቆ ከብረት ጋር ያጋጨውና ኤክስሬይ ያደርገዋል። አደጋው ብዙው ኤሌክትሮን ሲለቀቅ ብረቱ ከቦታው አለመኖሩ ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ሞዴል ይህን የሚከለክል ራሱን የቻለ የኤሌክትሪክ መቆለፊያ ነበር። በአዲሱ ላይ ግን «ሶፍትዌሩ ይበቃል» ተብሎ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1986 ቴክሳስ፣ ታይለር ከተማ ውስጥ ኦፕሬተሯ ትእዛዙን በፍጥነት አስተካከለች፤ ሶፍትዌሩ አልደረሰባትም። ስክሪኑ ላይ «ማልፈንክሽን 54» (ብልሽት 54) የሚል ጽሑፍ ወጣ። እንዲህ ያለ ጽሑፍ በየቀኑ ስለሚወጣ ቀጥል የሚለውን ተጫነች። በዚያ ቀን የክፍሉ ካሜራ ተነቅሏል፤ የድምፅ መገናኛውም ተበላሽቷል። ሰውዬው ከአልጋው ተነሥቶ በሩን ደበደበ። ሊሰጠው የታዘዘው 1.8 ግሬይ ነበር። የደረሰው ከ165 እስከ 250 ግሬይ እንደሚሆን ተገመተ፤ ያውም ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ።

ለምን ይህን አነሳሁ? ዛሬ አንዳንድ የምርምር ማዕከላት ፍላሽ ለመሥራት አዲስ ማሽን አይገዙም። ያላቸውን ሊናክ ይቀይሩታል። እንዴት? ለኤክስሬይ የሚለቀቀውን ያን ብዙ ኤሌክትሮን ይለቃሉ፤ ብረቱን ከመንገዱ ያነሡታል። ልብ በሉ። ቴራክ-25 በስሕተት የገባበት ሁኔታ እዚህ ሆን ተብሎ የሚገባበት ሁኔታ ነው። ፋብሪካው «እዚህ ሁኔታ ውስጥ ከገባህ ቁም» ብሎ የሠራቸው መቆለፊያዎች ስለሚያስቸግሩ አንዳንዶቹ ይታለፋሉ። እኛ ጥገና ሠራተኞች ለዚህ ቃል አለን። «ዳይሬክት ማድረግ» እንለዋለን።

ዳይሬክት የሚለውን ቃል የማያውቅ አዲስ አበቤ የለም። ስታቢላይዘሩ ሲበላሽ ዳይሬክት ይደረጋል። የውኃ ፓምፑ አውቶማቲክ ሲያስቸግር ዳይሬክት። የዛሬ ሁለት ዓመት እዚሁ የከተማው ዳር ላይ ወዳለ አንድ ክሊኒክ ለራጅ ማሽን ጥገና ሄድኩ። በሩ ሲከፈት ማሽኑ እንዳይተኩስ የሚያደርግ ስዊች አለው። ስዊቹ ዳይሬክት ሆኗል፤ ሁለት ጣት በምታህል ሽቦ። ከበሩ በላይ ያለው ቀይ መብራት ላይ ደግሞ ፕላስተር ተለጥፏል። ሠራተኛውን ጠየቅሁት። «ሁሌ ይበራል፣ ሰው ይደነግጣል» አለኝ። «ተቆጣጣሪ ሲመጣስ?» አልኩት። «ቀድመው ይደውላሉ፤ ሽቦውን እናነሣዋለን» አለኝ። ተንኮለኛ ሰው አይደለም። ውጭ ሠላሳ ሰው ቆሞበታል፤ የሚያስበው ወረፋው እንዴት እንደሚያልቅ ነው። እኔም ብሆን ከዚህ ቀደም ዳይሬክት ያላደረግሁት ነገር የለም፤ ንጹሕ ነኝ አልልም።

እንዲህ ያለው ነገር የድሃ አገር በሽታ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1992 አሜሪካ፣ ፔንሲልቬንያ፣ ኢንዲያና በምትባል ከተማ አንዲት አዛውንት በሌላ ዓይነት ፈጣን ሕክምና ታከሙ። ይህኛው ብራኪቴራፒ ይባላል። እኛም አገር ለማሕፀን በር ካንሰር የሚሰጥ ነው። በቀጭን ሽቦ ጫፍ ላይ ያለ፣ ጨረር የሚያወጣ የኢሪድየም ፍሬ ሰውነት ውስጥ ገብቶ ይወጣል። የዚያን ቀን ሽቦው ተበጠሰና ፍሬው ውስጥ ቀረ። የክፍሉ የጨረር ማስጠንቀቂያ መብራት በርቷል። ማስጠንቀቂያው ከዚህ በፊትም በውሸት ይጮህ ስለነበር «ዛሬም ያው ነው» አሉ። የእጅ መለኪያ ነበራቸው፤ አልለኩም። ሴትዮዋ ከቀናት በኋላ አረፉ። ፍሬው የተገኘው ቆሻሻ መሰብሰቢያ በር ላይ ያለ መለኪያ ሲጮህ ነው። ፕላስተር የተለጠፈበትን የእኛን መብራት ያየሁ ቀን ትዝ ያሉኝ እኒያ ሴትዮ ናቸው።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይኸውላችሁ። አደጋን አስቀድሞ መቁጠሪያ ዘዴ አለ። የአሜሪካ ሜዲካል ፊዚሲስቶች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2016 ለጨረር ሕክምና አስተካክሎ አውጥቶታል። ነገሩ ቀላል ነው። በሽተኛው ከተመዘገበበት እስከሚወጣበት ያለውን ሥራ ደረጃ በደረጃ ትጽፋላችሁ። በእያንዳንዱ ደረጃ «ምን ሊበላሽ ይችላል?» ትላላችሁ። ከዚያ ሦስት ነጥብ ትሰጣላችሁ፤ እያንዳንዳቸው ከ1 እስከ 10። ስንት ጊዜ ይከሰታል? ቢከሰት ምን ያህል ይጎዳል? ጉዳቱ ሳይደርስ የማይታወቅበት ዕድል ምን ያህል ነው? ሦስቱን ታባዛላችሁ። ትልቁ ቁጥር የወጣበት ቦታ መጀመሪያ ይሠራበታል።

አስመጪው ላፕቶፑ ላይ ይህን ሠንጠረዥ አሳይቶኛል። «ተሠርቷል፣ አልቋል» አለኝ። የተሠራው ፋብሪካው ባለበት አገር ነው። «የኃይል መቋረጥ» በሚለው ፊት ለፊት 2 ተጽፏል። ሳቅሁ። ቱሉ ዲምቱ መጥታችሁ 2 ብላችሁ ጻፉ! እኔ 9 ነው የምሰጠው፤ 10 ያላልኩት ጀነሬተር ስላለ ነው። መብራት ሲሄድ ፍላሹ መሐል ላይ ከነበረ ጥያቄው «ስንት ምት ሄደ?» የሚል ነው። 4 ነው? 7 ነው? ማሽኑ ሲነሣ ካላስታወሰ ሐኪሙ የቀረውን መስጠትም አይችልም፤ ይበቃል ማለትም አይችልም። ይህን የሚመዘግብ በራሱ ባትሪ የሚሠራ ቆጣሪ አለው ወይ ብዬ ጠየቅሁ። አስመጪው ስልክ መጣለት።

ሌላው የሠንጠረዡ ጉድ ሦስተኛው ነጥብ ነው። በተለመደው ማሽን አንዳንዱ ስሕተት ጨረሩ እየተሰጠ ስለሚታይ 3 ወይም 4 ይሰጠዋል። በፍላሽ ግን ጨረሩ ከተለቀቀ በኋላ የሚታይ ነገር ሁሉ የመጣው ካለቀ በኋላ ነው። 10 ነው፤ ክርክር የለውም። ስለዚህ የድሮውን ሠንጠረዥ ስሙን ብቻ ቀይሮ ማቅረብ አያዋጣም። ጥበቃው በሙሉ ከመተኮሱ በፊት መሆን አለበት። ከማሽኑ ሶፍትዌር ተለይቶ ምት የሚቆጥርና በሃርድዌር የሚያቆም ቆጣሪ ይኑር። ከእያንዳንዱ በሽተኛ በፊት በባዶ ይተኮስና ይለካ። ማሽኑ ከፍላሽ ወደ ተለመደው ሥራ ሲመለስ ፊዚሲስቱ ለክቶ ሳይፈርም ቀጣዩ በሽተኛ አይግባ። ይህን የመጨረሻውን ደግሜ እላለሁ፤ ምክንያቱም ጠዋት ለምርምር የተቀየረ ማሽን ከሰዓት የእናቶቻችንን ጡት ካንሰር ሊያክም ነው።

ነጥቡን የሚሰጡት ደግሞ ፕሮፌሰሮች ብቻ እንዳይሆኑ። ቴክኖሎጂስቷ ትኑር። የጥገና ሠራተኛው ይኑር። ጀነሬተር የሚያስነሣው ዘበኛ ይኑር። እሱ መብራት ከሄደ በኋላ ጀነሬተሩ ስንት ሰከንድ እንደሚፈጅ፣ ናፍጣ የሚያልቀው መቼ እንደሆነ ከማንም በላይ ያውቃል።

ስለ ወረፋ ሳልናገር ባልፍ ጎረቤቶቼ ይታዘቡኛል። አንዲት እናት «ልጄ፣ ቶሎ የሚጨርስ ማሽን ከሆነ ምን ትከለክላለህ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ጥቁር አንበሳ ለብዙ ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የጨረር ሕክምና ማዕከል ነበር። በኮባልት ማሽን ስንት ወር ወረፋ እንደተጠበቀ በቤቱ በሽተኛ የነበረው ሁሉ ያውቃል። አሁን ሊናክ መጥቷል፤ ጅማና ሌሎችም ተጨምረዋል። ወረፋው ግን አለ። ነገር ግን ወረፋው የሚረዝመው ጨረሩ አንድ ደቂቃ ስለሚፈጅ አይደለም። በሽተኛውን አልጋ ላይ አስተካክሎ ማስተኛት አሥር፣ አሥራ አምስት ደቂቃ ይፈጃል። ፊዚሲስት ጥቂት ነው። መለዋወጫ ይዘገያል። ፍላሽ የሚቆጥበው ያቺን አንዲት ደቂቃ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 አሜሪካ፣ ሲንሲናቲ ውስጥ አጥንታቸው ላይ ካንሰር የተሰራጨባቸው አሥር ሰዎችን በፍላሽ ማከም ሲጀመር የተሰጣቸው አንድ ጊዜ 8 ግሬይ ነው። ያንኑ 8 ግሬይ ለአጥንት ሕመም አንድ ጊዜ ብቻ መስጠት በአሮጌው ኮባልትም ይቻላል፤ ለዓመታትም ተሠርቶበታል። ስለዚህ «ወረፋ ይቀንሳል» ተብሎ የሚቀርብ ማመልከቻ ካያችሁ ቆም በሉ።

ሙከራ ሙከራ መባል አለበት። አውሮፓ ውስጥ አፍንጫቸው ላይ ካንሰር የያዛቸው ድመቶች በፍላሽ 30 ግሬይ አንድ ጊዜ ተሰጣቸው። መጀመሪያ ደህና ነበሩ። ከወራት በኋላ ከሰባቱ የሦስቱ የመንጋጋ አጥንት ሞተ፤ ጥናቱም ቆመ። የዘገየ ጉዳት እንዲህ ነው። አልጋ ላይ ያለ ሰው ይህን የማወቅ መብት አለው። የስምምነት ቅጹ በእንግሊዝኛ ተጽፎ «እዚህ ጋ ፈርሚ» የሚባልበት ነገር ይብቃ። እኛ ዳር ከተማ ያለን ሰዎች ግማሻችን አፋን ኦሮሞ ነው የምንናገረው። ቅጹ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ይሁን፤ ማንበብ ለማይችልም ይነበብለት፤ ዘመዱም አብሮ ይስማ።

አገራችን እ.ኤ.አ. በ1957 የዓለም አቀፉ አቶሚክ ኢነርጂ ኤጀንሲ አባል የሆነች ናት። የጨረር መከላከያ ባለሥልጣንን ያቋቋመው አዋጅ ቁጥር 79/1986 ከወጣም ሠላሳ ዓመት አልፎታል። ሥልጣን አላችሁ። እኔ የምለው ያንን ሥልጣን ዕቃው ከመገዛቱ በፊት ተጠቀሙበት ነው። ሠንጠረዡ እዚህ ተሠርቶ፣ በሰፈሩ መብራትና በሰፈሩ ሰው ተመዝኖ ካልቀረበ ፈቃዱ ይቆይ። ዳይሬክት የሆነ መቆለፊያ ሁሉ በዝርዝር ይጻፍ፤ ማን እንዳደረገው፣ ለምን እንዳደረገው፣ በምትኩ ምን እንዳስቀመጠ። ዝርዝሩ ማሽኑ ክፍል በር ላይ ይለጠፍ፤ ቁልፍ ያለበት መሳቢያ ውስጥ ከገባ የለም ማለት ነው።

የምትፈልጉኝ ከሆነ ሠንጠረዡን ለመሙላት እመጣለሁ። አበል አልጠይቅም፤ ታክሲ ብቻ።

ለቁጥጥር ስትወጡ ደግሞ እባካችሁ ቀድማችሁ አትደውሉ።

ከሰላምታ ጋር
አንድ የሕክምና መሣሪያ ጥገና ባለሙያ
ቱሉ ዲምቱ